የድንች ዘር በጋውን የት ይደር?

ከአፈር ውስጥ ወይስ ከመደርደሪያ ላይ? የብቸናና የሞጣ ነጋዴ ትርፍና ኪሳራ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የድንች ገበያንም ከሥሩ መመልከት ይበጃል። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የክረምቱ ድንች ግንቦትና ሰኔ ላይ ተተክሎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይቆፈራል። ያኔ ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ገዢው ይመርጣል፣ ሻጩ ይለምናል። ግንቦት ሲብት ነገሩ ይገለበጣል። ጥቅምት ላይ ድንቹን በርካሽ የለቀቀው ገበሬ ያንኑ ዓይነት ድንች ለዘር ፍለጋ ገበያ ይወጣል፤ የሚያገኘውም ውድ፣ የሰለለና ምንጩ ያልታወቀ ነው።

በሁለቱ ገበያዎች መካከል ያለው ርቀት ሰባት ወር ነው። ብዙ ነጋዴና ደላላ የጥቅምትን ዋጋ ከግንቦት ዋጋ ቀንሶ ልዩነቱን ትርፍ ይለዋል። ስሌቱ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። ድንች እንደ ጤፍ በጆንያ ታስሮ ወራትን የሚጠብቅ ደረቅ እህል አይደለም። ከክብደቱ ከአምስቱ እጅ አራቱ ውኃ ነው፤ ይተነፍሳል፣ ይከሳል፣ ይታመማል፣ ጊዜው ሲደርስም ከእንቅልፉ ይነቃል። ስለሆነም ነጋዴው የሚሸጠው ድንች ብቻ ሳይሆን ሰባት ወር በሕይወት የቆየ ድንች ነው። ዋጋው ያለውም በዚህ «የቆየ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

የአበባ ነጋዴዎች ቀድመው የተማሩት

ይህንን ሐቅ በዓለም ገበያ ቀድመው ያወቁት የአበባ ነጋዴዎች ናቸው። በከተማ ግቢዎች የምትታወቀው ዳሊያ ከሜክሲኮ ደጋ የመጣች ስትሆን፣ እንደ ድንች ሁሉ ከአፈር በታች ሥራ ሥር ታበጃለች። ውርጭ ሲመታት ቅጠሏ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፤ ከሥር ያለው ግን አይሞትም። የአውሮፓ አትክልተኛ ብርዱ ሲጠና ሥሩን ይቆፍራል፣ ያደርቃል፣ በአሸዋ ውስጥ አድርጎ ቀዝቃዛና ጨለማ ክፍል ያስቀምጣል፤ በጸደይም መልሶ ይተክላል። እርጥበት ከበዛበት ይበሰብሳል፤ ድርቀት ከበዛበት ይጨማደዳል። የአበባው ዋጋ የሚወሰነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ብርዱን በመጋዘን ማሳለፍ ያልቻለው ደግሞ ፀሐይ ወዳለበት አገር ሄዷል። የአውሮፓን ክረምት የማይቋቋሙ የግቢ አበባዎችን የሚያራቡ የውጭ ኩባንያዎች እናት ተክሎችን በቆቃ አካባቢ በፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ ያኖራሉ፤ ቁራጮቹንም በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ። ዞሮ ዞሮ የሚሸጡት ተክሉን ከክፉ ወቅት የማሳለፍን አገልግሎት ነው።

ከአበባ ገበያ የሚቀሰም ሌላም ትምህርት አለ። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1636 እና በ1637 መካከል በነበረው ክረምት ቱሊፕ ገና ከአፈር ውስጥ ሳለ፣ ማንም ሳያየው፣ በወረቀት ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ነበር። የካቲት 1637 ሀርለም በተባለችው ከተማ ገዢ ጠፋና ዋጋው ተንኮታኮተ። ከዚያ ወዲህ ለነጋዴ የቀረው ምክር አጭር ነው፦ ከአፈር በታች ያለን ዕቃ ሳያዩ መግዛት ከንግድ ይልቅ ዕጣ መጣል ነው።

ይህ ምክር ለብቸናና ለሞጣ ባዳ አይደለም። ድንችን በማሳ ላይ እንዳለ፣ «በቁሙ» መግዛት በደላላው ዘንድ የተለመደ ነው። ገንዘቡ ይከፈላል፤ ዋጋ እስኪሻል ድረስ ድንቹ ከመሬት እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ አሠራር አንዳንዴ ያዋጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ኪሳራው ስለማይታይ ብቻ ያዋጣ ይመስላል።

መሬት የገበሬው ባንክ

ድንቹን ሳይቆፍር የሚያቆየውን ገበሬ ሞኝ ነው ማለት ስህተት ነው። መጋዘን የለውም፤ ጆንያ ይገዛል፤ ጥቅምት ላይ ዋጋው ወድቋል። አፈሩ ቀዝቃዛ፣ ጨለማና በነፃ የሚገኝ ጎተራ ነው። ገበሬው ገንዘብ ባስፈለገው ቁጥር ሁለት ሦስት መደብ ቆፍሮ ለቅዳሜ ገበያ ያወጣል። ባንክ በሌለበት መሬት ባንክ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ባንክ ወለድ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሁለት እጁ እነሴ ዋና ከተማ ሞጣና የእነማይ ዋና ከተማ ብቸና ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ፣ በአንድ መንገድ የሚገናኙ ከተሞች ናቸው፤ ልዩነታቸው በአፈሩ ነው። በሞጣ ዙሪያና ወደ ጮቄ በሚወጣው ቀይ አፈር ውኃ ስለሚጠፋ፣ ግንዱ ታጭዶ፣ መደቡ በአፈር ተደፍኖ ለምግብ የሚሆን ድንች አንድ ሁለት ወር ቢቆይ ብዙም አይጎዳም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚወርደው ውርጭም ቅጠሉን እንጂ በደንብ የተደፈነውን ድንች አይነካም።

በብቸና ግን መሬቱ በአብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በዝናብ ጊዜ ውኃ ቋጥሮ ድንቹን ያበሰብሰዋል። በጋ ሲገባ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም የድንች ብል የሚባለው የእሳት እራት ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል። ትሉ ድንቹን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ ከላይ ሲታይ ግን ጤነኛ ይመስላል። በቁሙ የገዛ ነጋዴ ይህን የሚያውቀው መኪና ላይ ከጫነ በኋላ ነው።

ሌላም የተደበቀ ዋጋ አለ። የብቸና ዋልካ መሬት ከዝናብ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ የሚያበቅል ነው። ድንቹ ሳይወጣ የቆየበት ማሳ ግን ሳይዘራ ያልፋል። ገበሬው «ለመጋዘን አልከፈልኩም» ይላል፤ ነገር ግን አንድ ሰብል ከፍሏል።

ከሁሉም በላይ፣ በመሬት ማቆየት ለሚበላ ድንች እንጂ ለዘር አይሆንም። የድንች እንቅልፍ እንደ ዝርያው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ከአፈር ውስጥም ቢሆን ይጎነቁላል፤ ጉንቁሉም በጨለማ እየረዘመና እየሳሳ የድንቹን ጉልበት ይጨርሳል። ሲቆፈር ይሰበራል። የግንቦት ዘር በዚህ መንገድ ሊደርስ አይችልም።

ጨለማው መጋዘን የሚያጠፋው ገንዘብ

«እንግዲያስ ቆፍሮ መጋዘን ማስገባት ነው» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ችግሩ ያለው ከመጋዘኑ ዓይነት ላይ ነው። በብዙ የገጠር ከተሞች ድንች የሚቆየው በጆንያ ታጭቆ፣ ከእህል ጎን፣ መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ነው። ይህ ለሚበላ ድንች ለጥቂት ሳምንታት ይሆናል፤ ምክንያቱም ብርሃን ያገኘ ድንች ይረነግዳል፣ ይመራል፣ ሲበላም ይመርዛል። ስለዚህ ለድስት የታሰበው ድንች ጨለማ ያስፈልገዋል።

ዘር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለዘር የተያዘ ድንች በቀጥታ ፀሐይ ሳይመታው በተበታተነ ብርሃን ሲቆይ፣ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ጉንቁሉም ከመርዘም ይልቅ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ ዘሩ ስድስትና ሰባት ወር ይቆያል፤ ሲተከልም ቶሎና እኩል ይበቅላል። ለማቀዝቀዣ የኤሌክትሪክ ወጪ አይጠይቅም። ዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤቱ ካለበት ከፔሩ ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደጋ አገሮች ያስፋፋው ይህንኑ ዘዴ ነው። በኢትዮጵያም በሆለታና በአዴት የምርምር ማዕከላት አማካይነት ወደ ገበሬው ደርሷል።

ብርሃን ገብ የዘር ማቆያ ሲሠራ ለጎጃም እንግዳ የሚሆን ዕቃ የለውም። ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው፤ መደርደሪያው የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ጣሪያው ሣር ወይም ቆርቆሮ ሆኖ ዝናብና ፀሐይ እንዳይገባ ወደ ውጭ ረዘም ይላል። ግድግዳው ነፋስና ብርሃን እንዲያልፍ ክፍት ሆኖ በወንፊት ሽቦ ይጋረዳል። ድንቹ ከሁለት እስከ ሦስት ድርብ ብቻ ተነጥፎ በየሳምንቱ ይፈተሻል፤ የበሰበሰውና ብል የገባበት ይለቀማል። ከባዱ ነገር ግንባታው ሳይሆን ይህ የየሳምንቱ ለቀማ ነው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ነጋዴን የሚያሳምነው ቁጥር ነው። ድንች በመሥመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ሲተከል በአንድ ሄክታር 44 ሺህ ያህል ተክል ይሆናል። አንዱ ዘር በአማካይ 45 ግራም ቢመዝን፣ ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ዘር ያስፈልጋል ማለት ነው። የጤፍ ዘር ለሄክታር በኪሎ ሲቆጠር የድንች ዘር በኩንታል ይቆጠራል። ይህን ያህል ጭነት ከሩቅ ማምጣት የሚያስከትለውን የማጓጓዣ ወጪ ማንም ሹፌር ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭትም ከሩቅ በሚመጣ ዘር ላይ መመካት ምን ያህል አስጊ እንደሆነ አሳይቷል። መንገድ ሲዘጋ የመትከያ ወቅት አይጠብቅም።

እንግዲህ 20 ኩንታሉ ስንት መደርደሪያ ይፈልጋል? ድንቹ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ተነጥፎ ሲቀመጥ አንድ ካሬ ሜትር 60 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ሄክታር ዘር 33 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ይህም አንድ ሜትር ስፋትና ከስምንት ሜትር ትንሽ የበለጠ ርዝመት ያላቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ አራት መደርደሪያዎች ማለት ነው። ከአንድ ጓሮ ጥግ የማይበልጥ ቦታ ነው።

አሁን የጉድለቱን ሂሳብ ይመልከቱ። አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል ገዝቶ 10ሩ ቢጠፋበት፣ የገዛበትን ለመመለስ ብቻ ዋጋው 11 በመቶ መጨመር አለበት። 20 ቢጠፋበት 25 በመቶ፤ 40 ቢጠፋበት ደግሞ 67 በመቶ መጨመር አለበት። ጉድለቱ በእጥፍ ሲያድግ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ማደግ ይኖርበታል። ይህ እንግዲህ የጥበቃውን፣ የጆንያውንና የብድሩን ወለድ ሳይጨምር ነው። በጨለማ ቤት የጎነቆለና የጨማደደ ዘር የያዘ ነጋዴ የግንቦት ዋጋ ምንም ያህል ቢወደድ ላያተርፍ የሚችለው ለዚህ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ እዚህ ግን የተዝረከረከው ተመልሶ አይለቀምም።

የዘር ገዢው አንድ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በመስኖና በበልግ የሚተክለው ገበሬ ዘሩን ታኅሣሥና ጥር ላይ ይፈልጋል፤ የክረምቱ ተካይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይፈልጋል። መደርደሪያ ያለው ነጋዴ ሁለቱንም ያገኛል። አንዱን ገበያ ያመለጠው በሌላው ይካሳል።

መደርደሪያ የማያድነው በሽታ

የብርሃን ገብ ማቆያን ጥቅም አጋኖ ማቅረብ ግን ነጋዴን ማሳሳት ነው። መደርደሪያ የጤነኛን ዘር ጉልበት ይጠብቃል፤ የታመመውን አያድንም። በተለይ ባክቴሪያ አጠውልግ የተባለው በሽታ በዘር ይተላለፋል፤ አንዴ ከገባም በአፈር ውስጥ ይቆያል። ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ዘር በሽታውን ተሸክሞ ወደ ንጹሕ ማሳ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ የሚከስረው አንድ ጭነት ብቻ አይደለም፤ የገዢው መሬትና የሻጩ ስም ነው።

እንዲህ ያለውን ዘር በአፈር ውስጥ እያለ ወይም በጆንያ ታስሮ መለየት ያስቸግራል። መለየት የሚቻለው ተክሉ አረንጓዴ ሳለ፣ ማሳው ላይ ቆሞ ነው። ቅጠሉ ሳይገረጣ በድንገት የሚጠወልግ ተክል ካለ ግንዱን ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ መንከር ነው፤ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ያ ማሳ ለዘር አይሆንም። ይህ ምርመራ የሚጠይቀው ቢላዋና ብርጭቆ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘር የሚገዛ ነጋዴ ማሳውን መጎብኘት ያለበት ጥቅምት ላይ ሳይሆን ነሐሴ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የምርጫ ነው። በብዙ ቤት ትልቁ ድንች ይሸጣል፣ መካከለኛው ይበላል፣ ማንም ያልፈለገው ጥቃቅኑ ለዘር ይቀራል። ጥቃቅኑ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከደካማና ከታመመ ተክል ነው። ዓመት በዓመት ይህ ሲደጋገም ዝርያው ይደክማል፤ ገበሬውም «መሬቱ አልቻለም» ይላል። አዴት በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ያወጣቸው ዘንገናና ጓሳ፣ ሆለታ ያወጣቸው ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ከተያዙ ከምርምር ጣቢያ የወጡበትን ምርት ሊሰጡ አይችሉም። ዝርያ የሚገዛው አንዴ ነው፤ የሚጠበቀው ግን በየዓመቱ ነው።

ማን ይክፈል?

እንግዲህ ቁም ነገሩ የመደርደሪያውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ነው። እስካሁን የተለመደው መልስ «መንግሥት» ወይም «ድርጅት» የሚል ነው። የምርምር ማዕከላትና የልማት ድርጅቶች ማሳያ ማቆያዎችን ሠርተዋል፤ ማሳያ ግን ገበያ አይሆንም። በየሳምንቱ የሚለቅም ባለቤት የሌለው መደርደሪያ የሸረሪት ድር ማደሪያ ሆኖ ይቀራል።

ባለቤት ሊሆን የሚገባው በዋጋው ልዩነት የሚያተርፈው ነው። በብቸናና በሞጣ ያለ ነጋዴ ገንዘቡን በቁሙ በተገዛ ድንች ላይ ከሚቀብር፣ ነሐሴ ላይ ማሳ መርጦ፣ ጥቅምት ላይ ለዘር የተለየውን ድንች ከገበያው ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ቢይዝ ይሻለዋል። ዘሩ የግድ ከተማ መምጣት የለበትም። ገበሬው በጓሮው መደርደሪያ ሠርቶ ቢያቆየውና ነጋዴው ለማቆያው ቢከፍለው፣ ጉድለቱንም በውል ቢካፈሉ፣ ሁለቱም ድንቹን በየሳምንቱ ለመልቀም ምክንያት ይኖራቸዋል። ጉድለቱ በአንድ ወገን ብቻ ከተጣለ ግን ሌላው ወገን ይተኛል።

ሕጉም ቢሆን በሩን አልዘጋም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 የእርሻ ምርትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። እርግጥ ነው፣ ባንክ በመጋዘን ያለ ቡና ወይም ሰሊጥ ላይ እንደሚያበድር በሚተነፍስ ድንች ላይ ለማበደር ያመነታል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርሃቱን የሚቀንሰው በመደርደሪያ ላይ ተነጥፎ የሚታይና የሚቆጠር፣ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚታወቅ ዘር ነው። ከአፈር ውስጥ ላለ ድንች ግን ማንም ባንክ ብድር አይሰጥም፤ ባይሰጥም አይፈረድበትም።

ዘር ነጋዴ ነኝ የሚል ሁሉ ማሟላት ያለበት የብቃት ማረጋገጫም አለ። «ዘር» ብሎ የሚበላ ድንች መሸጥ ዛሬ የሚታለፍ ቢመስልም፣ ነገ ገዢው የማሳውን ስም መጠየቅ ሲጀምር በመጀመሪያ ከገበያ የሚወጣው እንዲህ ያለው ነጋዴ ነው።

ነገሩ ሲጠቃለል መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። ለድስት የሚሆነው ድንች በሞጣ ቀይ አፈር ውስጥ፣ በደንብ ተደፍኖ፣ ለአጭር ጊዜ ቢቆይ ነውር የለበትም፤ ከብቸና ዋልካ ግን ቶሎ ቢወጣና መሬቱ ለሽምብራ ቢለቀቅ ይመረጣል። ከተቆፈረ በኋላም ቦታው ጨለማ ነው። የዘሩ ቦታ ግን ከአፈርም ከጨለማ ቤትም ውጭ፣ ብርሃንና ነፋስ ካለበት መደርደሪያ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ ነጋዴ ሁለቱን ዕቃ በአንድ ጆንያ ያጣል።

ድንች ወደዚህ አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ተተክሎ፣ ተቆፍሮና ተበልቷል። ማሳደሩ ግን እስካሁን ለገበሬው ብቻ የተተወ ሥራ ነው። የመጪው ግንቦት ዘር የሚገዛው ግንቦት ላይ ሳይሆን ነሐሴ ላይ በማሳ፣ ጥቅምት ላይ በመደርደሪያ ነው። ቀድሞ መደርደሪያውን የሠራ ነጋዴ ግንቦት ሲብት ዋጋ ጠያቂ ሳይሆን ዋጋ ተጠያቂ ይሆናል።